መሣሪያው መጣ፤ ጥያቄያችንስ በየት ይለፍ?

በዩኒቨርሲቲያችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማስተማሪያ መሣሪያ እየበዛ መሄዱን ያልተመለከተ ተማሪ አይኖርም። ፕሮጀክተር ያልተሰቀለበት የመማሪያ አዳራሽ ጥቂት ነው፤ የቴሌግራም ቡድን የሌለው ክፍል ግን ጨርሶ የለም ለማለት ይቻላል። መምህሩ ከመግባቱ በፊት ትምህርቱ በስልካችን ውስጥ ገብቶ ይጠብቀናል፤ መምህሩ ከወጣም በኋላ በግድግዳው ላይ ያበራው ጽሑፍ በእጃችን ይቀራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኛም አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ከሚያጉረመርሙ ሰዎች ወገን ለመቆጠር አንፈልግም። ነገር ግን በየመኝታ ክፍላችን ለብዙ ጊዜ ስናወራው የቆየነውን፣ በአደባባይ ግን ያልተናገርነውን አንድ አሳብ በዚህ መጽሔት ላይ ለጓደኞቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍል የተሰባሰብን ስምንት ተማሪዎች አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ተቀምጠን፣ «እስከ ዛሬ ከተማርነው ውስጥ በእውነት ትምህርት ያገኘንበት ሰዓት የትኛው ነው? በምንስ መሣሪያ ተማርነው?» ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ከመካከላችን የስታቲስቲክስ፣ የሕግ፣ የሕክምናና የቋንቋ ተማሪዎች ነበሩ። ይህ ጥያቄ መሣሪያን በሚያመሰግኑና መሣሪያን በሚነቅፉ ሁለት ወገኖች ይከፍለናል ብለን ጠብቀን ነበር። አልከፈለንም። እያንዳንዳችን የጠቀስነው ሰዓት አንዱ በጠመኔ፣ አንዱ በስልክ፣ አንዱ በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተማርንበት ቢሆንም፣ በሁሉም ውስጥ አንድ የማይለወጥ ነገር አገኘን፤ ይኸውም በዚያ ሰዓት የተማሪው ቃል ወደ መምህሩ ደርሶ፣ መምህሩም በዚያ ምክንያት ትምህርቱን ለወጥ አድርጎ መናገሩ ነው።

በመጀመሪያ የተለመደውን እንናገር። መምህሩ ይገባል፤ ኮምፒዩተሩን ከፕሮጀክተሩ ጋር ለማገናኘት አሥር ደቂቃ ያህል ይታገላል፤ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ገመዱን ያስተካክላል፤ ከዚያም መብራቱ ይጠፋና ንባቡ ይጀመራል። ንባብ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በግድግዳው ላይ ያለውን መምህሩ በድምፁ ያነባል፤ እኛም ያንኑ በዓይናችን እንከተላለን። በአምሳ ደቂቃ ውስጥ ሰባ ስላይድ የታለፈበትን ቀን ቆጥረን እናውቃለን። ማስታወሻ የሚጽፍ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ግድግዳውን ፎቶግራፍ ያነሣል። በመጨረሻው ደቂቃ «ጥያቄ አለ?» ይባላል፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች በር ላይ ቆመዋል፣ መምህሩም ገመዱን እየጠቀለለ ነው። በዚያች ሰዓት «አሥራ ሁለተኛው ስላይድ አልገባኝም» የሚል ደፋር እስከ ዛሬ አላየንም። ማታ ፋይሉ መምህሩ ብቻ በሚጽፍበት የቴሌግራም ቻናል ይላካል። ፋይሉ እንደሚላክ የሚያውቅ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ይመጣል? የወንበሮቹ ባዶነት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶአል።

አሁን ደግሞ ያልተለመደውን እናምጣ። የስታቲስቲክስ ተማሪው ጓደኛችን የነገረን ይህን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ ገና በሦስተኛው ስላይድ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። መምህሩ ጥቂት ጠበቀ፤ መብራቱ አልመጣም። በኋላ ጠመኔ ተፈልጎ መጣለትና በፊት ረድፍ የተቀመጡትን አሥር ተማሪዎች፣ «ከምታድሩበት እዚህ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል?» ሲል ጠየቃቸው። መልሳቸውንም በሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ 5፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 8፣ 9፣ 10፣ 12፤ የመጨረሻው ግን ከከተማው ዳር በታክሲ የሚመላለስ ነበረና 90 አለ። አማካዩ ሲሰላ 16 ሆነ። መምህሩም፣ «ከመካከላችሁ 16 ደቂቃ የሚሄድ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ማንም አልነበረም። ሚዲያን የሚባለው መካከለኛው ቁጥር ግን 8 ነበር። ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያም ጥያቄው በዛ። «ታዲያ የሰው ገቢ አማካይ ሲነገረን ምን እንመን?» ያለም ነበር። መምህሩ ሲወጣ፣ «ይህን ምዕራፍ ለሦስት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ የምትሳሳቱበትን ቦታ ያየሁት ግን ዛሬ ነው» አለ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ፕሮጀክተሩ ይውረድ፣ ጠመኔው ይመለስ» የሚል ቢኖር ነገራችንን አልተረዳውም። በጠመኔውም ዘመን ቢሆን ከአሮጌ ማስታወሻ እያነበበ የሚያስጽፍ መምህርና አንገቱን ደፍቶ የሚገለብጥ ተማሪ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። የሕክምና ተማሪዋ እኅታችን የልብ ክዳኖች በየተራ ሲከፈቱና ሲዘጉ የገባት በተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው፤ መምህሯ ሥዕሉን በየመካከሉ እያቆመ «አሁን ደሙ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ስለ ጠየቃት ማለት ነው። የሕግ ተማሪው ወንድማችን ዓይነ ስውር ነው። ቀድሞ የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ መጽሐፉ ከጎኑ ተዘግቶ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ስልኩ በጆሮው ያነብለታል፣ ሲፈልግም ደጋግሞ ያስነብበዋል። ለእርሱ ይህ መሣሪያ በሰው ፈቃድ ከመኖር አርነት መውጫው ነው። ነገር ግን አንዳንድ መምህራን መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥተው ሲልኩት ስልኩ ድዳ ይሆንበታል፤ ፊደል ሳይሆን ሥዕል ነውና የተላከለት። ይህን ለመምህሩ ለመንገር ሁለት ወር እንደ ፈጀበት ሲያወራን አፈርን፤ አብረነው ስንማር አንዳችንም አላስተዋልነውምና።

የቋንቋ ተማሪዋ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረችልን። በእርሷ ክፍል አንድ መምህር ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ ለጥያቄ ይቀመጣል። በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ለመናገር ፈርተው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሁለት ዓመት የቈዩ ልጆች በዚያ ቡድን በአማርኛ፣ በድምፅ ጭምር እየጠየቁ ነው። መምህሩም ሰኞ ወደ ክፍል ሲገባ ትምህርቱን ከእነዚያ ጥያቄዎች ይጀምራል። ቴሌግራሙ ያው ቴሌግራም ነው፤ በአንዱ ክፍል አፍ ሲዘጋ በሌላው አፍ ከፈተ። ልዩነቱን ያመጣው የመምህሩ አሠራር ነው።

ይህ ለአገራችን እንግዳ አሳብ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት የጎደለውን ይሞላለታል፣ የተጣመመውን ያቃናለታል። በቁርአን ቤትም ልጁ በእንጨት ሎሕ ላይ የጻፈውን ለመምህሩ መልሶ ያነባል፤ ሲያውቀው ሎሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። በእነዚህ ቤቶች ብዙ የሚነቀፍ ነገር ይኖር ይሆናል፤ በቃል ማጥናት መብዛቱም የታወቀ ነው። ነገር ግን የተማሪው ድምፅ ሳይሰማ የሚያልፍ ቀን የለም። እኛ በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ድምፃችን ሳይሰማ አልፈን «ኤ» ማግኘት እንችላለን።

መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲሆን ምን እንደሚደርስም አገራችን አይታዋለች። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገር ነበር። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በሩቅ ወረዳ ያለው ልጅ በአዲስ አበባ ያለው የሚያገኘውን ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ነገር ግን የክፍለ ጊዜውን ብዙውን ክፍል ቴሌቪዥኑ ይወስደውና ለክፍሉ መምህር በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይቀርለት ነበር። ሥርጭቱ ተማሪው ገባውም አልገባው ይቀጥላል፤ «ቆይ» ቢሉት አይሰማም። በዚያ የተማሩ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት የፍጥነቱን ነገር ነው።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር ያህል፣ በእንግሊዝ አገር «ኦፕን ዩኒቨርሲቲ» የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ በ1971 ትምህርት ሲጀምር እርሱም ትምህርቱን በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ያሰራጭ ነበር። ነገር ግን ለተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን እያረመ በደብዳቤ አስተያየት የሚሰጥ አስጠኚ ተመደበላቸው፤ በበጋም ከመምህራን ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ትምህርት ቤት ተዘጋጀላቸው። ቴሌቪዥኑ በሁለቱም አገር አለ፤ በአንዱ ግን የመመለሻው መንገድ አስቀድሞ ታስቦበታል።

የመመለሻ መንገድ ለመክፈት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል ካለ ደግሞ ሌላ ምሳሌ እናምጣ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቻቸው ከባድ ስሌት እየሠሩ ቀላሉን የፊዚክስ ጽንሰ አሳብ ግን እንደማይመልሱ ስለ ተረዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አሠራር ጀመሩ። በንግግራቸው መካከል አንድ ጥያቄ ከነምርጫው ያቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይመልሳል፤ ቀጥሎ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፤ ከዚያም እንደ ገና ይመልሳል። ይህ አሠራር በብዙ አገር ሲስፋፋ መልስ መሰብሰቢያ የሚሆን በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መሸጥ ጀመረ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት በዚህ መሣሪያ የመለሱትንና ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ብቻ ያነሡትን ተማሪዎች ቢያወዳድር፣ በትምህርት ውጤታቸው ልዩነት አላገኘም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

መንገዱ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ሲንጠለጠል የሚመጣውን ጉዳት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. አይተናል። በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲላኩ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ተባለ። በከተማ ያለው ቀጠለ፤ በገጠር ያለው ግን የስልክ መረብ ፍለጋ ኮረብታ መውጣት ነበረበት። በሰኔ ወር መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። ያን ጊዜ ትምህርቱን በዚያ መስመር ብቻ የጣለ ሁሉ መምህሩንም መጽሐፉንም በአንድ ቀን አጣ። ዛሬም ቢሆን ከመካከላችን የዳታ ጥቅል ለመግዛት ከምሳው የሚቀንስ ተማሪ አለ። ከፍተኛ ቪዲዮ በቴሌግራም ልኮ «ሁላችሁም አይታችሁ ኑ» የሚል መምህር ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳንናገር ብናልፍ ደግሞ ራሳችንን መደበቅ ይሆናል። ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቻችን አሳይንመንታችንን ለእርሱ ስንሰጥ ኖረናል። ይህ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። ነገር ግን ወደዚህ መሣሪያ የሚወስደን ስንፍና ብቻ አይደለም። በእኩለ ሌሊት ብንጠይቀው ይመልሳል፤ «ይህን እንኳ አታውቅም?» ብሎ አያሳፍረንም። በክፍል ያጣነውን የመጠየቂያ ቦታ በእርሱ ዘንድ ያገኘን መሰለን። ችግሩ ግን እርሱ የሌለ መጽሐፍ ስም በድፍረት መጥቀሱ፣ የተሳሳተውንም እንደ ትክክለኛው በአንድ ዓይነት ቃና መናገሩ ነው። ከዚህም በላይ፣ እርሱን የጠየቅነውን ጥያቄ መምህራችን ፈጽሞ አይሰማውም፤ ስለዚህም የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ በዚያው ቦታ ላይ ይሰናከላል።

በአንዳንድ ስፍራ የተወሰደው መፍትሔ ጽሑፉን ሰው ይጻፈው መሣሪያ ይጻፈው ይለያል በሚባል ሌላ መሣሪያ መመርመር ነው። በዚህ ላይ ተቃውሞአችንን በግልጽ እናሰማለን። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ እነዚህ መርማሪ መሣሪያዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፉትን ድርሰት ከግማሽ በላይ በስሕተት የመሣሪያ ሥራ ነው እንዳሉ አሳይቶአል። የእኛም እንግሊዝኛ የተማርነው እንጂ የተወለድንበት አይደለም። በዚህ ዓይነት ሚዛን አንድ ተማሪ በገዛ እጁ በጻፈው ሥራ «ኤፍ» ቢሰጠው አቤቱታውን ለማን ያቀርባል? መምህሩ ተማሪውን አምስት ደቂቃ አስቀምጦ «ይህን አሳብ ከየት አመጣኸው? ይህንስ ለምን እንዲህ ደመደምክ?» ብሎ ቢጠይቀው እውነቱ ወዲያው ይገለጣል፤ ያልሠራውም ይያዛል፣ የሠራውም ይከበራል።

አንዳንድ መምህራን፣ «በአንድ ክፍል መቶና ከዚያ በላይ ተማሪ ተሰጥቶን እንዴት ከያንዳንዱ ጋር እንነጋገር? መሸፈን ያለበት ኮርስስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናስ?» ይሉን ይሆናል። እውነት አላቸው፤ ሸክማቸው ከባድ መሆኑን እናያለን። ነገር ግን ኮርሱ ተሸፈነ የሚባለው በማን ነው? ስላይዱ ሁሉ ማለፉ ተማሪው አብሮ ማለፉን አያስረዳም። የመውጫ ፈተናውም የሚጠይቀን የገባንን እንጂ ፎቶግራፍ ያነሣነውን አይደለም። ክፍሉ ብዙ ከሆነም ከላይ የጠቀስነው ካርቶን የተሠራው ለብዙ ሕዝብ ነው፤ ሁለት መቶ ካርቶን ሲነሣ ስንቱ እንደ ተሳሳተ መምህሩ በአንድ ጊዜ ያያል።

ስለዚህ ነቅፎ መቀመጥ እንዳይሆንብን የሚከተለውን አሳብ ለተማሪዎች ማኅበራችን እናቀርባለን፤ ማኅበሩም ተወያይቶበት ለየትምህርት ክፍሉ እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ስላይዱ ከክፍለ ጊዜው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይሰጠን፤ የጋራ ሰዓታችን በንባብ እንዳያልቅ። ሁለተኛ፣ በየክፍለ ጊዜው መካከል እንጂ በመጨረሻው ሳይሆን፣ ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ለጥያቄ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ መምህሩ ብቻ የሚናገርበት ቻናል ተማሪም የሚናገርበት ቡድን ሆኖ፣ በሳምንት አንድ የታወቀ የመልስ ሰዓት ይኑረው። አራተኛ፣ የሚላከው ጽሑፍ ፎቶግራፍ ሳይሆን ፊደል ይሁን፤ ከእርሱም አንድ የታተመ ቅጅ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ መረብ ስለ ተቋረጠበትም ማንም ነጥብ አይቀነስበት። አምስተኛ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደንብ ሲወጣ ተማሪዎች ይጠየቁ፤ በመርማሪ መሣሪያ ቃል ብቻም ማንም አይፈረድበት።

ከእኛም የሚፈለግ አለ። ስላይዱ አስቀድሞ ተሰጥቶን ሳናነብ ከመጣን፣ አሥር ደቂቃው ተሰጥቶን አንገታችንን ከደፋን፣ ጽሑፋችንንም ለመሣሪያ አጽፈን አምስቱን ደቂቃ ከፈራን፣ የጠየቅነው ሁሉ ከንቱ ነው። መምህሩ የማንናገረውን ሊሰማ አይችልም። ከመካከላችን አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት እጁን አንሥቶ «አልገባኝም» ቢል፣ ሌላው አይሳቅበት፤ ይልቁንም «እኔም አልገባኝም» ይበል።

ይህ በማባዣ የሚወጣ መጽሔትም ከእኛ ወደ እናንተ ብቻ የሚሄድ ቢሆን ከነቀፍነው ነገር የተለየ አይሆንም። በየክፍላችሁ ስለ ማስተማሪያ መሣሪያዎች ያያችሁትን ደጉንም ክፉውንም ጽፋችሁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን፤ ከእኛ ጋር የማትስማሙ ከሆነ ይልቁንም ጻፉ። መምህራንም ቢጽፉልን በደስታ እንቀበላለን። የመጣውን ሁሉ ሰብስበን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን፤ ከዚያም ከአምስቱ አሳቦች የትኛው ለየትምህርት ክፍሉ እንዲቀርብ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይወስን።